ከሞያሌ ናይሮቢ በአየር ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦዳ፣ ኬንያ ሞያሌ ነው። ናይሮቢ በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ግን 600 ነው ይሉኛል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

መልስ፦ የነገሩዎት ልክ ነው። የአየር ርቀት የሚለካው በቀጥታ መስመር ነው፤ አስፋልቱ ግን ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አዳርሶ፣ የኬንያን ተራራ ዞሮ ነው ናይሮቢ የሚገባው።

ሰዓቱን በዋናነት የሚወስነው የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። እንደ ሴስና ካራቫን ያለ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን 2 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በዚያው 2 ሰዓት ጄት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ናይሮቢ ይደርሳል፤ መንገዱ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነፋሱንም አይርሱ! በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ትንሹን አውሮፕላን ከፊት ከገጠመው 18 ደቂቃ ያህል ይጨምራል፤ ከኋላ ከገፋ 14 ያህል ይቀንሳል። የሚቀበልዎት ሰው እንዳይጉላላ የሚያርፉበትን ሰዓት ቲኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ።