ተራውን ከመጻፍሽ በፊት

የትምህርት መስክ ምርጫ ፎርሙን ስትሞዪ ከትከሻሽ በላይ አየሁት። ከአንድ እስከ አምስት ያለው ሁሉ ጤና ነው፤ እርሻው ዘጠነኛ ላይ ወርዷል። እስክሪብቶውን ለዛሬ አስቀምጪውና ስሚኝ፣ እህቴ።

ጤናን አትምረጪ ልልሽ አይደለም። ዳሪሙ ውስጥ ያደገ ሰው በሽተኛ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ሸኝቶ ያውቃል፤ የሐኪም ዋጋ አይጠፋውም። አባዬ «ልጄ ነጭ ጋውን ለብሳ ልያት» ሲል ከልቡ ነው። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ጆንያውን ባዶ ማጠፉን፣ ማታም ራት ሳይበላ መተኛቱን እኔ አልረሳሁትም። ልጁን ከጭቃው ሊያወጣ ነው የሚመኘው። ስጋቱን አክብሪለት፤ ሙያሽን ግን በእሱ ስጋት ብቻ አትምረጪ።

ጎረቤቱም «ይሄ ሁሉ ነጥብ እያላት እርሻ? አይባክንም?» ይላል። አገራችን ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ወደ ሕክምና፣ ዝቅ ያለውን ወደ መምህርነትና ወደ እርሻ ስትመድብ ኖራ፣ ምደባው ራሱ የክብር መለኪያ ሆኗል። ነጥብ ግን ወንበር ሲያንስ ወረፋ ማስያዣ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቺም ያለፍሽው ከእንዲህ ያለ ጠባብ ወንፊት ነው፤ ኩሪበት። ወንፊቱ ግን ማለፍሽን እንጂ ምን እንደምትወጂ አያውቅም።

ደጁ ሲከፈት ነገሩ አያልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሳያልፉት ዲግሪ የለም። ጤና ላይ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሙያ ፈቃድ ምዘናው ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ የሚሸከመው ትምህርቱን የሚወድ ሰው ነው፤ የጎረቤት ጭብጨባ እስከዚያ አያደርስም።

እኔ አካውንቲንግ የገባሁት አጎታችን «ባንክ ትገቢያለሽ» ስላለ ነው። ገባሁም፤ እንጀራዬን አገኘሁበት። ነገር ግን ከመምረጤ በፊት አንድ ቀን እንኳ ከሒሳብ ሠራተኛ ጎን ተቀምጬ ሥራውን አላየሁም ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ሌላ መንገድ ስላላየሁ ሌላ አልተመኘሁም። አንቺ እንዲህ እንድትሆኚ አልፈልግም።

አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ። እማዬ ቡና ስትቆላ ጀርባሽን ሰጥተሽ ደብተር እያነበብሽ «ይሄ መሬት ላይ የተሰጣው ነው አይደል?» ትያት ነበር። በመዓዛው ብቻ! እሷም ገርሟት «ደብተርሽን ትተሽ ነይ» ብላ ጆንያውን ታሳይሽ ነበር፤ ልክ ነበርሽ። ዘጠነኛ ላይ ያወረድሽው እርሻ ወደዚሁ ይወስድሻል፤ ይህም ዓለም የሚከፍልበት ሙያ ነው። የቡና ቀማሽ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ያፈስሳል፤ አራት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ ላዩን በማንኪያ ሰብሮ ያሸታል፤ ከዚያ በማንኪያ ስቦ ይቀምሳል። በእኛ አገር የደረጃ አወጣጥ ከመቶው 40 ለጥሬው መልክ፣ 60 ለሲኒው ነው። እማዬ በአፍንጫዋ የምታውቀውን እነሱ በቁጥር ይጽፉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ። የኢሉባቦር ቡና በገበያ ላይ ለዓመታት «ጅማ» እየተባለ ነው የተሸጠው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው የዚሁ የኢሉባቦር የያዩ ጫካ በቡና ሀብቱ የታወቀ ነው፤ የሲኒው ስም ግን የሌላ ነበር። ጣዕሙን ለይቶ በራሱ ስም የሚያስጠራው ሰው ከዚሁ ከእኛው መሀል ቢወጣ ምን አለበት? በአማሮ ጋዮ ቡና የታወቀችው አስናቀች ቶማስም ከትውልድ አካባቢዋ ቡና ነው የተነሣችው።

ስለዚህ ተራውን ከመጻፍሽ በፊት ሁለት ቀን ስጪኝ። አንዱን ቀን ሆስፒታል የምትሠራ ዘመዳችን ጎን ዋዪ፤ ደሙን፣ ሌሊቱን፣ የምታገኘውንም ደሞዝ ጠይቂ። ሌላውን ቀን ቡና ማድረቂያ አልጋ ባለበት ሄደሽ ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለዪ፤ ከእርሻ የተመረቀ ሰው ፈልገሽም ሥራ እንዴት እንዳገኘ አጥብቀሽ ጠይቂ። ሥራ ሳያገኝ የቆየ ከሆነም ሳይደብቅ ይንገርሽ። ከዚያ ማታ የትኛው ቀን ቶሎ እንደመሸብሽ ለራስሽ ንገሪ።

ልብሽ ሕክምና ካለ፣ አንደኛ ላይ ጻፊው፤ እኔ እሸኝሻለሁ። ልብሽ ቡናውን ካለ ግን ከአባዬ ጋር አትከራከሪ። ከቀይ እሸት ተለቅሞ አልጋ ላይ የደረቀውንና መሬት ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ፈልፍለሽ ለየብቻ ቁዪና አፍዪለት። ሁለቱን ሲኒ አቅርበሽ «አባዬ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» በዪው። ዕድሜውን ሙሉ ቡና የያዘ ሰው ነው፤ ይነግርሻል። ሲጨርስ «ይሄን ነው መማር የምፈልገው» በዪው። እኔም አጠገብሽ እቀመጣለሁ።