ሪሞት ዴስክቶፕ እምቢ ሲል

በኮምፒውተር ክፍላችን ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር ለዓይን አንድ ነው፤ በውስጡ ግን አራት ነው። አንዱ ራሱ ሆስቱ ሲሆን፣ ሦስቱ ሃይፐር-ቪ በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የተፈጠሩ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የዓመቱን ፕሮጀክት የሚሠሩት በእነዚህ ማሽኖች ላይ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ ይገቡባቸዋል። ማስረከቢያው በደረሰበት ሳምንት መግቢያው እምቢ ካለ የብዙ ልጆች ሥራ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ችግሩን ከየት ጀምረን እንደምንፈልግ እዚህ ማስፈሩ ተገቢ መስሎናል።

ነገሩን እንደ ግቢ ብናስበው ይቀላል። ሆስቱ በዋናው ቤት የሚኖር አከራይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ደግሞ በሰርቪስ ቤቶቹ ያሉ ተከራዮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ አይፒ አድራሻ፣ የራሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለው። ከተማሪዎች የምንሰማው “አልገባ አለኝ” ብዙውን ጊዜ የተከራዩን ቁልፍ ይዞ ከአከራዩ በር ጋር መታገል ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የትኛውን ማሽን እየጠራን እንደሆነ እንወቅ።

ቀላሉን ቶሎ እንለፈው። ኮምፒውተሩ በርቷል? ስሊፕ ውስጥ ከገባ አይመልስም። የሚጠራው ማሽን ዊንዶውስ ሆም ከሆነም በሪሞት ዴስክቶፕ እንግዳ አይቀበልም።

ቀጥሎ ሆስቱ ዘንድ ሄደን ማሽኑን በሃይፐር-ቪ ማኔጀር እንክፈተው። ይህ መስኮት የማሽኑን ኔትወርክ አይጠቀምም። በዚህ በኩል ተከፍቶ በሪሞት ዴስክቶፕ እምቢ ካለ፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በመንገዱ ወይም በበሩ ላይ ነው። እዚያው አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን አድራሻውን እንመዝግብ።

መንገዱ ሲቆረጥ ቨርቹዋል ስዊቹን መመልከት ነው። ኢንተርናል ስዊች ላይ ያለ ማሽን የሚያነጋግረው ሆስቱንና የስዊቹን ጎረቤቶች ብቻ ነው። ዲፎልት ስዊች ላይ ያለው ወደ ኢንተርኔት ይወጣል እንጂ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚጠራው አይደርሰውም። አድራሻውም ሆስቱ ጠፍቶ ሲነሳ ሊለወጥ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ኤክስተርናል ነው።

ኤክስተርናል ስዊች ሲፈጠር ግን የሆስቱ አድራሻ ከዋናው ኔትወርክ ካርድ ወደ አዲስ ካርድ ይዛወራል፤ የአዲሱ ስም “ቪ-ኢተርኔት” ብሎ ይጀምራል። በድሮው ካርድ ላይ አድራሻ ያጣ ሰው “ተቃጥሏል” ሊል ይችላል፤ አልተቃጠለም። ዊንዶውስም አዲስ ኔትወርክ መስሎት “ፐብሊክ” ብሎ ሊመድበው ይችላል። ያኔ የግቢው ዘበኛ፣ ማለትም ፋየርዎሉ፣ ትናንት ያሳለፈውን ዛሬ ሊመልስ ይችላል። መፍትሔው የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ “ፕራይቬት” ማድረግና ሪሞት ዴስክቶፕ መፈቀዱን ማየት ነው። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፉት የሚል ምክር ብዙ ይሰማል፤ እኛ አንስማማም። አንድ እንግዳ ለማስገባት ዘበኛ አይባረርም። ስዊች ሲፈጠር ግንኙነት ስለሚቋረጥም ሥራው ከሩቅ ሳይሆን ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሠራ።

መንገዱ መከፈቱን ለማወቅ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ፓወርሼል ላይ ቴስት-ኔትኮኔክሽን የሚለውን ትእዛዝ ከማሽኑ አድራሻና ከፖርት 3389 ጋር እንጽፋለን። የፖርቱ ውጤት “ትሩ” ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ፒንግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፋየርዎሉ ፒንግን ከልክሎ ሪሞት ዴስክቶፕን ሊያሳልፍ ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የስምና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ተማሪው በዚያው ማሽን የሪሞት ዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም እንደተለመደው ከሩቅ አይገባም።

ወላጆች “ልጃችን ከቤቱ ሆኖ ለምን አይገባም?” እያሉ ይጠይቁናል። ፖርት 3389ን በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት መክፈት ቀላል ነው፤ ግን ቀንና ሌሊት የይለፍ ቃል እየገመቱ በር ለሚሞክሩ ሰዎች የልጆቹን ሥራ ማጋለጥ ይሆናል። ከቤት መግባት የሚቻለው ቪፒኤን ሲዘረጋ ነው። እስከዚያው ቤተ መጻሕፍቱን እንጠቀም። የሦስቱም ማሽኖች ስምና አድራሻ በኮምፒውተሩ ጎን ተለጥፏል፤ የይለፍ ቃል ግን እዚያ አይፈለግ።