የጋንዲ ግልድምና የአምበድካር ኮት

ጥጥ በሕንድ አገር ከጥንት ጀምሮ ይበቅላል። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ሸማኔዎቹም ይሸምኑታል። እንግሊዞች አገሩን ከገዙ በኋላ ግን ጥጡ በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በዚያም በመኪና ተሠርቶ፥ አቡጀዲ ሆኖ፥ ተመልሶ ለሕንድ ሕዝብ ተሸጠ። የመኪናው ጨርቅ ርካሽ ስለ ሆነ ሰው እርሱን ገዛ፤ ብዙ ሸማኔም ሥራ ፈትቶ ተራበ።

ሞሃንዳስ ጋንዲ፥ ኋላ ማኅተመ ጋንዲ የተባለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1869 ዓመት ተወለደ። በወጣትነቱ ሕግ ሊማር ወደ ሎንዶን በሄደ ጊዜ እንደ እንግሊዝ ጨዋ ልጅ ኮት ለብሶ፥ ከረባት አስሮ፥ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ ይታይ ነበር። ኋላ ግን አገሩ ስለ ምን እንደ ደኸየ ቢመረምር፥ አንዱ ምክንያት ሕዝቡ የሚለብሰው የባዕድ ጨርቅ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ቻርካ በሚባለው መፍተያ መዘውር ይፈትል ጀመር፤ ሕዝቡም በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነውን ጨርቅ እንዲለብስ መከረ። ይህ ጨርቅ ካዲ ይባላል። በ1921 ዓመት በቦምቤ ከተማ የባዕድ አገር ልብስ ተከምሮ ተቃጠለ።

በዚያው ዓመት በባቡር ሲጓዝ ያገኛቸውን ሰዎች ካዲ ልበሱ ቢላቸው፥ ካዲ ውድ ነው፥ እኛም ድኾች ነን፥ በምን እንገዛዋለን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መልስ የሌለው ነገር ነበረ። ጋንዲም ማዱራይ ከተማ በደረሰ ጊዜ ሸሚዙንና ቆቡን ትቶ፥ እንደ ድኻ ገበሬ ግልድም ብቻ አገለደመ። ለጥቂት ሳምንት ያሰበው ልብስ ነበረ፤ ነገር ግን በ1948 እስኪሞት ድረስ አልለወጠውም። በ1931 በሎንዶን ንጉሡ ጆርጅ አምስተኛ በቤተ መንግሥቱ እንግዶችን በተቀበለ ጊዜ እንኳ፥ ጋንዲ በግልድሙ ላይ ኩታ ደርቦ ገባ። ከዚያ አስቀድሞም በላንካሻየር ወዳሉት የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሄዶ ነበር። እነርሱ በካዲ ምክንያት ሥራ የጐደለባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ሴቶቹ ከብበውት በእልልታ ተቀበሉት።

ከጋንዲ ጋር ስለ ነጻነት የደከሙትም ካዲ ለበሱ። ጃዋሃርላል ኔህሩ በእስር ቤት ሳለ የፈተለው ፈትል ተሸምኖ ሳሪ ሆነ፤ ልጁ ኢንዲራም በ1942 ስታገባ ያንን ለብሳ ተሞሸረች። ኋላ አባትም ልጅም፥ እርሱ በ1947፥ እርስዋ በ1966፥ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዳሩ ግን በዚያው አገር ኮቱን ያላወለቀ አንድ ታላቅ ሰው ነበረ። ቢምራኦ አምበድካር በ1891 የተወለደው የማይነኩ ተብለው ከሚናቁት ወገን ነው። በትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ውኃ ቢጠማውም የውኃውን ዕቃ መንካት አይፈቀድለትም። በብዙ ስፍራ የእርሱ ወገኖች መልካም ልብስ ለብሰው ቢታዩ ይደበደቡ ነበር። በኒውዮርክና በሎንዶን ተምሮ ዶክተር ከሆነ በኋላ ግን በአደባባይ ኮት ለብሶ፥ ከረባት አስሮ ይታይ ነበር። መልካም ልብስ የሞላለት ሰው ቢያወልቀው ትሕትና ይባልለታል፤ ለተከለከለ ሰው ግን መራቆት ዕጣው እንጂ ምርጫው አልነበረም። በ1947 ሕንድ ነጻ በወጣች ጊዜ አምበድካር ሕገ መንግሥቱን የሚያረቅቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ያም ሕግ ሰውን የማይነካ ማለትን ከለከለ። ዛሬ በብዙ መንደር የቆመለት ሐውልት ሰማያዊ ኮት ለብሶ፥ መጽሐፍ በክንዱ ይዞ ይታያል።