ኑግን ከመጭ ለይቶ ስለ ማወቅና ዘሩን ስለ መጠበቅ

መስከረም ሲያልቅ ጥቅምትም ሲገባ ከጎንደር በስተሰሜን ባለው በወለቃ መንገድ ላይ ቆሞ ቍልቍል የሚመለከት ሰው፥ ያየውን ብጫ ሁሉ በአንድ ስም አበባ ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ያ ብጫ አንድ አይደለም። ለዘይት የሚዘራው ኑግ አለ፤ ሳይዘሩት የሚበቅለው መጭ አለ፤ ለዘመን መለወጫ የሚቀጠፈውም አደይ አበባ አለ። ሦስቱም የሱፍ ዘመዶች፥ የአንድ ወገን ዕፀዋት ናቸው። ዓይን በቀለም ስለሚታለል፥ ብዙ ገበሬ እርሻው ብጫ መልበሱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ በአውድማ ላይ ግን ያሰበውን አያገኝም።

አደይ አበባን መለየት አያስቸግርም፤ ቅጠሉ እንደ ድንብላል የተሰነጣጠቀ፥ ፍሬውም ጠፍጣፋ ነውና። አስቸጋሪው መጭ ነው፤ ይኸውም ለኑግ የቅርብ ዘመዱ ስለ ሆነ ነው። የሁለቱም ቅጠል ሳይሰነጠቅ ረዘም ያለ፥ ጫፉ የሾለ፥ ያለ ዘንግ በግንዱ ላይ የተቀመጠ ነው። ሆኖም የመጭ ቅጠል ጠበብ ይላል፤ በጣት ሲዳስሱትም ከኑግ ይልቅ ይሻክራል። አበባውም ፍሬውም ከኑግ ያንሳል። የኑግ ፍሬ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሆናል። በኑግ አበባ ዙሪያ ያሉት ብጫ ቅጠሎች ብዙ ጊዜ 8 ናቸው፤ ነገር ግን በዚህ ቍጥር ብቻ መለየት ያሳስታል። ልጆች ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቢዳስሱ ከቃል ትምህርት ይልቅ ይገባቸዋል።

መጭ ፍሬውን ቶሎ በምድር ላይ ያራግፋልና፥ በአንድ ዓመት የተተወው ለሚመጣው ዓመት እርሻውን ይወርሳል። የቀረውም ከኑጉ ጋር ታጭዶ በአውድማ ላይ ከተደባለቀ በኋላ በወንፊት አጥርቶ መለየት አድካሚ ነው። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የተባለው ለሰሊጥ ነው፤ መጭ ግን ያለ በደሉ የሚወቀጥ አይደለም። ስለዚህ ለዘር የሚሆነው ቦታ በአበባው ጊዜ፥ ፍሬ ሳይቋጥር፥ መጩ እየተነቀለ መጽዳት አለበት። በዚያው ጊዜ በኑጉ ላይ የሚጠመጠም፥ ቅጠል የሌለው ብጫ ክር የሚመስል አረም ቢገኝ፥ ከተጠመጠመበት ኑግ ጋር ነቅሎ ማቃጠል ይሻላል፤ ዘሩ ከኑግ ዘር ጋር ይጓዛልና።

ኑግ ሌላው እህል በማይመቸው በዋልካ መሬት ላይ እንኳ፥ ውሃ ቢተኛበትም ታግሦ ይበቅላል። አባት ኑግ የሚባለው በክረምት መግቢያ ተዘርቶ በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ መስኖ ኑግ ግን በመስከረም ተዘርቶ በየካቲት ይደርሳል። ለአንድ ሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ወደ ህንድም የሄደው ከዚህ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ሰው ያላስተዋለው የንብ ነገር ነው። አንዳንድ ሽማግሎች «ዘንድሮ ኑጉ አበበ እንጂ አላፈራም» ብለው ምክንያቱን ለውርጭ ወይም ለዝናብ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እውነታቸው ነው። ነገር ግን አንድ የኑግ ተክል በገዛ ራሱ አበባ ዱቄት ፍሬ አይቋጥርም፤ ዱቄቱ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት፤ ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የምትሠራው ንብ ናት። ይህን ለማስረዳት መምህሩ ገና ያልፈነዱትን ጥቂት እንቡጦች በስስ ሻሽ ያስር፤ በአጠገባቸው ያሉትን ሌሎች እንቡጦች በቀይ ክር ምልክት አድርጎ ክፍት ይተዋቸው። አበባው ረግፎ ሲደርቅ ተማሪዎች ሁለቱንም በመዳፋቸው አሽተው ይመልከቱ፤ በሻሽ የታሰረው አብዛኛው ገለባ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በአበባ ጊዜ የተባይ መድኃኒት በእርሻው ላይ የሚረጭ ሰው ንቡን ብቻ ሳይሆን የራሱን ኑግ እንደሚጐዳ ከዚህ ይታያል። ቀፎ ያለው ጎረቤት ቀፎውን ወደ እርሻው ዳር ቢያቀርብ ማርም ኑግም ይገኛል፤ ስለዚህ ነገር በሁለቱ መካከል ክርክር ሲነሣ ሽማግሎች ይህን አስበው ይፍረዱ።

ኑግ ሁሉም በአንድ ቀን አይደርስም። የዘገየው እስኪደርቅ ሲጠብቁት አስቀድሞ የደረሰው ይረግፋል፤ ስለዚህ አብዛኛው አበባ ከብጫነት ወደ ቡናማነት ሲለወጥ ይታጨድ። ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ቀን ከደረቀ በኋላ በዱላ ይወቃል። ከ100 ኪሎ ዘር ውስጥ ዘይቱ 40 ኪሎ ያህል ነው፤ በሙቀጫ ወቅጦ በፈላ ውሃ የሚያወጣው ግን ይህን ሁሉ አያገኝም፤ የቀረው ከፋጉሎው ጋር ለከብት ይሆናል። መጩ ከተነቀለበት ቦታ የተገኘው ዘር ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይወቃ፤ በደንብ ደርቆም እርጥበት በማይገባበት ጋን ይቀመጥ፤ ጋኑም ለዘር መሆኑ ይጻፍበት፤ አለዚያ በዐቢይ ጾም ዘይት ያጣ ቤተሰብ ሳያውቅ ወቅጦ ይበላዋል።