የማይቆም የእጅ መርገፍገፍ

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ግራ እጇ ቀንም ሌሊትም ይርገፈገፋል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አልያዘላትም። ሐኪሞቿ ራስሙሰን የሚባል የአንጎል መቆጣት ጠርጥረዋል። ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሽታው የተሰየመው በሞንትሪያሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በቴዎዶር ራስሙሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከባልደረቦቹ ጋር የ3 ሕፃናትን ሁኔታ ሲያሳትም የጠረጠረው ቫይረስን ነበር፤ እስካሁን ግን አንድም አልተረጋገጠም። በቀዶ ሕክምና የወጣ የአንጎል ናሙና ያሳየው ሌላ ነው፦ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳትን ይገድላሉ፤ ያውም በአብዛኛው በአንድ ወገን ብቻ። ለምን በአንድ ወገን? ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። በ1994 በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ፀረ እንግዳ አካል ተወንጅሎ ነበር፤ ኋላ ግን በሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሕሙማን ላይም ተገኘ።

ስቴሮይድና ኢሚዩኖግሎቡሊን ጉዳቱን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ መናወጡን ግን እምብዛም አያቆሙም። የታመመውን የአንጎል ንፍቅ ከጤነኛው የሚነጥለው ቀዶ ሕክምና ብዙዎቹን ሕፃናት ይገላግላል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የግራ እጅ ጣቶች ቅልጥፍናና በግራ በኩል ያለው እይታ ይጠፋሉ። መራመድ ግን አብዛኞቹ ይራመዳሉ።

በተለያየ ጊዜ የተነሱትን የኤምአርአይ ምስሎች ሁሉ ይዘው የሕፃናት ነርቭ ስፔሻሊስት ያማክሩ፤ መድኃኒቱንም በራስዎ አያቋርጡ።