ኮምፒውተር ሲዘገይና ቀጥ ብሎ ሲቆም ምክንያቱን ስለ መመርመር

በመቐለ ከተማ የምትገኘው ዓይናለም በከርሰ ምድር ውሃዋ የታወቀች ናት፤ ለከተማው ሕዝብ የሚታደለው ውሃ ብዙው ሲቀዳ የኖረው በዚያ ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ነውና። በቤቱ ቧንቧ ውሃ የቀጠነበት ሰው፥ ልባም የሆነ እንደ ሆነ፥ ወዲያው ቧንቧውን ነቅሎ አይጥልም። አስቀድሞ የጎረቤቱን ቧንቧ ያያል፤ መብራት ጠፍቶ የውሃ መሳቢያው ሞተር ቆሞ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም በደለል ተደፍኖ እንደ ሆነ ይመረምራል። ምልክቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ነውና፥ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ገንዘብንም ድካምንም በከንቱ ያጠፋል።

የኮምፒውተርም ነገር እንደዚሁ ነው። በዓይናለም የሚኖር አንድ አባት ለልጆቹ ትምህርት የገዛው ኮምፒውተር አለው ተብሎ ይታሰብ። መሣሪያው ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ስትጽፍም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህንንም ሰዎች በተለምዶ «ስታክ አደረገ» ይሉታል። አባትየው ተቈጥቶ፥ «ነገ ወስጄ ፎርማት አስደርገዋለሁ» ይላል። ልጅቱም፥ «አቦይ፥ ጽሑፌም የአያቴም ፎቶግራፍ በውስጡ ነው፤ አስቀድመን እናውጣው» ትላለች። የልጅቱ ቃል የዚህ ትምህርት መጀመሪያ ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነውና፥ በላዩ የነበረው ሰነድ ሁሉ ይጠፋል፤ ሕመሙ በሌላ ክፍል ከሆነ ደግሞ ሰነዱ ጠፍቶ ሕመሙ ይቀራል።

1ኛ፤ ስለ ሦስቱ ዋና ክፍሎች

የኮምፒውተር ሥራ በአንድ ጸሐፊ ሥራ ይመሰላል። ጸሐፊው ፕሮሰሰር የሚባለው ክፍል ነው፤ ሒሳቡን የሚያሰላ ትእዛዙንም የሚፈጽም እርሱ ነው። ጸሐፊው ወረቀቱን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ራም ይባላል፤ አሁን የሚሠራበት ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ይቀመጣል፥ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም በላዩ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። መጻሕፍቱ የሚጠበቁበት ሣጥን ዲስክ ይባላል፤ በዚህ የተቀመጠው ነገር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ይኖራል።

ጠረጴዛው የጠበበበት ጸሐፊ አዲስ መጽሐፍ ለመዘርጋት የፊተኛውን ወደ ሣጥኑ መመለስ ግድ ይሆንበታል። የፊተኛው ደግሞ ሲያስፈልገው ሁለተኛውን መልሶ ያንን ያወጣል፤ ቀኑም በመመላለስ ያልቃል። ኮምፒውተር ራሙ በሞላ ጊዜ እንዲሁ ከራም ወደ ዲስክ፥ ከዲስክም ወደ ራም ያመላልሳል። ከራም አንድ ነገር ለማንሣት የአንድ ሴኮንድ 10 ሚሊዮንኛ ክፍል ያህል ይበቃል፤ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት የአንድ ሴኮንድ 100ኛ ክፍል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዲስኩ ከራም 100,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል ማለት ነው። ለዊንዶውስ 11 ከሁሉ ያነሰው የተፈቀደ ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ ይህ ግን ለመነሣት ያህል ነው እንጂ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ለመዘርጋት አይበቃም።

2ኛ፤ ሰነድን አስቀድሞ ስለ ማዳን

ከምርመራው ሁሉ በፊት ሰነዱን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ እንደ ሆነ፥ ሊሞት የቀረበ ነውና ሌላ ሙከራ ሁሉ ይቅር። በመጀመሪያ ሰው በእጁ የጻፈው፥ ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይገልበጥ፤ ከሌላ ሰው ሊገኝ የሚችለው ዘፈንና ፊልም ግን በመጨረሻ ይሁን። በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ እንዳልተጠበቀ ይቈጠራል።

ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። ካፕስ ሎክ የሚባለው ቍልፍ ሲጫኑት መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፥ መሣሪያው በሕይወት አለ፤ የታመመው ምናልባት አንድ ፕሮግራም ብቻ ነውና እርሱን ብቻ መዝጋት ይበቃል። መብራቱም ቀስቱም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ማብሪያውን 10 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት የመጨረሻው መንገድ ነው።

3ኛ፤ ምልክትን ስለ መለየት

ሐኪም የታመመውን ሰው የደም ሥር እንዲዳስስ፥ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቍልፎች ባንድነት የሚጫን ሰው ታስክ ማናጀር የሚባለውን መስኮት ያገኛል። በዚያም ፕሮሰሰሩ፥ ራሙና ዲስኩ ከመቶ ስንት እጅ በሥራ እንደ ተያዙ ይታያል።

ራሙ ሞልቶ ዲስኩም 100 እጅ ከተያዘ፥ ጠረጴዛው ጠቧል። ራሙ ሳይሞላ ዲስኩ ብቻ ሳያቋርጥ 100 እጅ ከተያዘ፥ ዲስኩ አርጅቷል ወይም ታሟል፤ ወይም የማደሻ ሥራ በስውር እየተሠራ ነውና ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እንደ ገና ማየት ይገባል። ፕሮሰሰሩ 100 እጅ ከተያዘ፥ አንድ ፕሮግራም ወይም ቫይረስ ይዞታል፤ ስሙም በዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ሦስቱም ሥራ ፈት ሆነው መሣሪያው የሚዘገይ ከሆነ ግን ሙቀትን መጠርጠር ይገባል።

በዚያው መስኮት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። ከእነርሱ የማያስፈልጉትን መከልከል ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ታላቅ ጥቅም ነው። ዲስኩም እስከ አፉ እንዳይሞላ ቢያንስ ዐሥረኛው እጅ ባዶ ሆኖ ይቈይ።

4ኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ ትቢያ

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስተኛው እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ከዚያው ያነሰ ነው። በበጋም ትቢያው በማራገቢያውና በቀጫጭኑ የብረት ክንፎች መካከል ገብቶ እንደ ጥጥ ይጋገራል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀረበ ጊዜ እንዳይቃጠል በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ ካልበቃውም መሣሪያው ይጠፋል። ሲከፈት ደኅና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘገይ፥ ማራገቢያውም የሚጮኽ ኮምፒውተር በዚህ ሕመም የተያዘ ነው።

የሚያጸዳው ሰው ኮምፒውተሩን ከመብራት ይለያል፥ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያወጣል። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ይዞ ትቢያውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፋል። እርጥብ ጨርቅ ከቶ አይገባም። ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በአልጋና በብርድ ልብስ ላይ ቢቀመጥ የአየር መግቢያው ስለሚደፈን፥ በጠረጴዛ ላይ ይሁን።

5ኛ፤ ስለ መብራትና ሥራ ፈቶ ስለ ቈየ ኮምፒውተር

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ መብራት፥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ፥ መቐለ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ከአገሪቱ የመብራት መስመር ጋር ተገናኘች። በዚያ ዘመን በየቤቱ ተዘግተው የቈዩ ኮምፒውተሮች ብዙዎች ናቸው።

ሥራ ፈቶ የቈየ ኮምፒውተር ሁለት ሕመም ያገኘዋል። መጀመሪያው፥ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው 3 ቮልት የሆነች ክብ ባትሪ ታልቃለች፤ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ቀኑ የተሳሳተ ስለ ሆነም ኢንተርኔቱ የተጠበቁ ገጾችን አይከፍትም፥ ፀረ ቫይረሱም አይታደስም። ይህን ያላወቀ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ይላል፤ መድኀኒቱ ግን ባትሪዋን ለውጦ ቀኑን ማቅናት ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ ባዶውን የቈየ የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ባትሪ ይሞታል፤ እንግዲህ መብራት በጠፋ ቍጥር ኮምፒውተሩ ሥራውን ሳያስቀምጥ ይጠፋል። ዲስኩ ሲጽፍ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ኮምፒውተር የሰነዱ መዝገብ ይዛባል፤ በዚህም ጊዜ ቼክ ዲስክ በሚባለው ትእዛዝ ይመረመራል። ትእዛዙ የሚሰጠው ግን ሰነዱ ከተገለበጠ በኋላ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኀይሉ ከ220 ቮልት ሊያልፍ ስለሚችል፥ ገመዱን ነቅሎ ጥቂት መቈየት ወይም ስታቢላይዘር መጠቀም ይሻላል።

6ኛ፤ ስለ ቫይረስ

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስን ከቤት ወደ ቤት ያደርሳል። ፍላሹን ሲከፍቱ ሰነዶቹ ጠፍተው በስፍራቸው አቋራጭ የሚባለው ምልክት ብቻ ቢታይ፥ ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉምና ፍላሹን ለመደምሰስ መቸኰል አይገባም። ዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ አለው፤ በላዩ ሁለትና ሦስት ሌሎች ቢጫኑ ግን እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የጥበቃ ማደሻ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው፥ በነጻ ከሚገኙት የሊኑክስ ዐይነቶች ቀለል ያለውን ሊጭንበት ይችላል።

7ኛ፤ ክፍልን ስለ መለወጥ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩ ካልተሻለው ገንዘብ ማውጣት ይገባል፤ ግን በምርመራው መሠረት ይሁን። ጠረጴዛው የጠበበ እንደ ሆነ ራም ይጨመር። ዲስኩ ያረጀ እንደ ሆነ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ይለወጥ፤ ይህ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው ከሃርድ ዲስክ እጅግ ይፈጥናል። በድንገት ቀጥ ብሎ የሚቆም ኮምፒውተር ደግሞ ራሙ ከስፍራው የላላ ሊሆን ይችላልና፥ መብራቱን አጥፍቶ አውጥቶ መልሶ በሚገባ መትከል ነው። ዋናው ሕግ ግን ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፥ ውጤቱም ይታይ። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም።

እንግዲህ ያ አባት የልጁን ቃል ሰምቶ በዚህ ሥርዐት ቢሄድ፥ ጽሑፏና ፎቶግራፉ በመጀመሪያው ቀን ይድናሉ። ትቢያው ሲራገፍ፥ ሳይጠሩ የሚነሡት ፕሮግራሞች ሲከለከሉ፥ ኮምፒውተሩ ይሻለው እንደ ሆነ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ያውቃል። ባይሻለውም የትኛውን ክፍል መግዛት እንደሚገባው ዐውቆ ወደ ገበያ ይወርዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኰላ የተደረገ ጥገና ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ

1. ፎርማት ከመደረጉ በፊት ምን ይደረጋል? ስለ ምን?
2. ራም በጠረጴዛ፥ ዲስክም በሣጥን የተመሰሉት ስለ ምንድር ነው?
3. ሲከፈት ደኅና ሆኖ ቈይቶ የሚዘገይ ኮምፒውተር ሕመሙ ምን ሊሆን ይችላል?
4. ብዙ ዘመን ተዘግቶ የቈየ ኮምፒውተር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለሰው ስለ ምንድር ነው?
5. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ምን ይጠቅማል? ይህ ሕግ በቤት ውስጥ በሌላ ሥራ እንዴት እንደሚያገለግል ተማሪው አንድ ምሳሌ ይስጥ።