የሎንዶን መንገድ በሠዓሊዎች ዓይን

ከ1714 እስከ 1830 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት በእንግሊዝ አገር ተከታትለው ስለ ነገሡ፣ ጊዜው የጆርጆች ዘመን ይባላል። ፎቶግራፍ በሰው እጅ ገና አልገባም ነበርና፣ የሎንዶን ተራ ሰው በመንገድ ላይ እንዴት ይውል እንደ ነበር በዓይን ለማየት ያለን የሠዓሊዎች ሥራ ነው። ሥዕሎቹ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው በወረቀት እየታተሙ ይሸጡ ነበር።

ስለዚሁ ዘመን በክፍላችን ፊት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ የመረጥሁት የፍራንሲስ ዊትሊን «የሎንዶን ጩኸቶች» ነበር። ዊትሊ ሥዕሎቹን ከ1792 እስከ 1795 ለትርኢት አቀረበ፤ ከነርሱም 13ቱ ታተሙ። «ጩኸት» የተባለው ወተት፣ ብርቱካን፣ አበባ፣ ጫፉ በድኝ የተነከረ የእሳት እንጨት ይዘው የሚዞሩ ሻጮች ገዢ የሚጠሩበት ድምፅ ነው። ሴቶቹ ቆንጆዎች፣ ልብሳቸውም የጸዳ ነው። ንግግሬን እንደ ጨረስሁ መምህራችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሽርጡን ማን ያጥብላቸዋል?» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም መልስ አጣሁ። የሎንዶን መንገድ ጭቃና የፈረስ ፋንድያ የሞላበት፣ አየሩም በድንጋይ ከሰል ጢስ የጠቆረ እንደ ነበር በዚያው ንግግሬ ራሴ ተናግሬ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ሠዓሊዎች ተመለከትሁ። ፖል ሳንድቢ በ1760 ያሳተማቸው 12 ሥዕሎች ስለ እነዚሁ ሻጮች ናቸው፤ ነገር ግን ልብሳቸው የነተበ፣ ፊታቸውም የጠወለገ ነው። ዓሣ ሻጯ ሦስቱን በ4 ፔኒ፣ አራቱን በ6 ፔኒ ትላለች። (አራተኛው ዓሣ ስለ ምን እንደ ተወደደ ሒሳብ የሚያውቅ አንባቢ ይንገረኝ።)

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ዊልያም ሆጋርት ነው። አባቱ በዕዳ ታስረው ስለ ነበር፣ ድኽነትን የሚያውቀው በወሬ አልነበረም። በ1741 በሠራው ሥዕል አንድ ቫዮሊን ተጫዋች በመስኮቱ ቆሞ ጆሮውን ይደፍናል፤ ከውጭ ቢላዋ የሚስለው፣ ወተት የተሸከመችው፣ ሕፃን ታቅፋ የምትዘፍነው፣ ከበሮ የሚመታው ልጅ ሁሉም ባንድነት ይጮኻሉ። በ1751 ያወጣው «ጂን ሌን» ግን አያስቅም። ጂን የሚባለው አረቄ ርካሽ ሆኖ ድኻውን የፈጀበት ጊዜ ነበር። እናቲቱ ሰክራ ልጇ ከእቅፏ ሲወድቅ አታይም፤ አናጢው መጋዙን፣ ሌላይቱ ሴት ድስቷን በመያዣ ያስይዛሉ። በዚያው ዓመት ፓርላማው የጂንን ሽያጭ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። እርግጥ ሆጋርትም ይህን ይሻ ስለ ነበር መከራውን ሁሉ ባንድ መንገድ ላይ ከምሮታል፤ እንደዚያ ያለ ቀን በዓይን የታየ አይመስለኝም። ነገር ግን መጋዙን ያስያዘ አናጢ ነገ በምን ይሠራል? በዊትሊ ሥዕል እንዲህ ያለ ጥያቄ አይነሣም።

የሳንድቢ ሥራ ከ12 ሳያልፍ ቀረ። የዊትሊ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አንድ የሽቶና የሳሙና ድርጅት የአበባ ሻጮቹን ለንግድ ምልክቱ ወስዷቸዋል። በሆጋርት ሥዕል ሳሙና የሸጠ ግን አልሰማሁም።